የሬይዜይ ቤት ባለውለታ አቡትሱ ናት

ስለ ጃፓን የቤተ መንግሥት መኳንንት ከተወራ ቶሎ የሚነሱት ሴት ልጆቻቸውን ለንጉሠ ነገሥት እየዳሩ አገር ሲያሽከረክሩ የኖሩት ፉጂዋራዎች ናቸው። ከነሱ ዘር የወጣው የሬይዜይ ቤተሰብ ግን ሙያው ግጥም ነው፣ ኪዮቶ ውስጥ እስከዛሬ አለ፣ የቅድመ አያቶቹንም የእጅ ጽሑፍ እንደያዘ ነው። ሰው ይሄን ሲያደንቅ "ለጥበብ ያላቸው ፍቅር ነው" ብሎ ያልፋል። እኔ አልስማማም፣ ትልቁ ምስጋና የሚገባት ለልጇ መብት የተሟገተች አንዲት መበለት ናት።

አቡትሱ ትባላለች። ባሏ ታሜኢዬ የታላቁ ገጣሚ የቴይካ ልጅ ነው። ሃሪማ በሚባል አውራጃ የነበረውን የሆሶካዋ ርስት መጀመሪያ ለትልቁ ልጁ ለታሜኡጂ ሰጥቶ ኋላ ሀሳቡን ቀየረና ከአቡትሱ ለወለደው ለታሜሱኬ አዞረው፣ የቤቱን መጻሕፍትም ለሱ አወረሰው። እ.ኤ.አ. በ1275 ታሜኢዬ ሲሞት ታሜኡጂ ርስቱን አልለቅም አለ። እሷ መንኩሳለች፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፣ ግን ዝም አላለችም፣ በ1279 ከኪዮቶ ተነስታ ሁለት ሳምንት ያህል ተጉዛ የሾጉኑ፣ ማለትም የጦር ገዢው፣ መንግሥት ወዳለበት ካማኩራ ወርዳ ከሰሰች። ፍርዱን ሳታይ በ1283 አረፈች፣ ርስቱ ግን በመጨረሻ ለልጇ ተፈረደለት። ርስት ማለት እኮ ቀለብ ነው፣ ቀለብ ከሌለ ማን ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ይገለብጣል? የታሜኡጂ ዘር የሆነው የኒጆ ቤት በኋላ ጠፋ፣ የታሜሱኬ ዘር የሆነው የሬይዜይ ቤት ቀረ።

ምን እንደተረፈ ደግሞ እዩት። ቴይካ ከ50 ዓመት በላይ የጻፈው ሜይጌትሱኪ የሚባል የቀን ማስታወሻ አለ። በ1230 ሰማይ ላይ እንግዳ ኮከብ ቢታይ ጊዜ ከዛ በፊት የታዩትንም አሰባስቦ መዘገበ፣ ከነሱ ውስጥ የ1054ቱ አለበት፣ ማለትም ዛሬ ክራብ ኔቡላ የሚባለውን የጋዝ ደመና ትቶ የፈነዳው ኮከብ። የገጣሚ ማስታወሻ ለአስትሮኖሚ ማስረጃ ሆነ!

በ1788 ኪዮቶ ስትቃጠል የሬይዜይ መኖሪያ ቤት ነደደ፣ የመጻሕፍቱ ግምጃ ቤት ተረፈ። በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ሲዛወሩ አብዛኛው መኳንንት ተከትሎ ሄደ፣ ሬይዜይዎች ግን እዛው ቀሩ።

በእኛ ዘመን የመጣው አደጋ ደግሞ የውርስ ግብር ነበር፣ ቤቱንም መጻሕፍቱንም የሚበታትን ዓይነት። መፍትሄውም እንደ አቡትሱ ጊዜ ሕግ ነው የሆነው፣ በ1981 ንብረቱን ፋውንዴሽን አቋቁመው አስገቡት። በ2024 ለረጅም ዘመን ሳይከፈት ከኖረ ሳጥን ውስጥ ቴይካ ስለ ኮኪንሹ የግጥም መድብል በገዛ እጁ የጻፈው ማብራሪያ መገኘቱ ተነገረ፣ ያ ፋውንዴሽን ባይኖር ይሄ ወረቀት ዛሬ የማን እጅ ላይ ይሆን እንደነበር ሳስበው ያስደነግጠኛል።