ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ ያያቸው ማነው?

ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ ለሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ ሃሎፔሪዶል የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድብርት ሲጫነው ፍሎክሰቲን የተባለ የድብርት መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። እንዲያውም በአሜሪካ ኦላንዛፒን የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒትና ፍሎክሰቲን በአንድ እንክብል ተቀላቅለው እንዲሰጡ ከ2003 ጀምሮ ተፈቅዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ከሁለት ሐኪም፣ ከሁለት ፋርማሲ መጥተው አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ላይ ያያቸው ሰው የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ጉበት ላይ ነው። ጉበታችን ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለው። ሃሎፔሪዶልንና ሌላውን የሳይኮሲስ መድኃኒት ሪስፔሪዶንን ሰባብረው ከሚያስወግዱት አንዱ እሱ ነው። ፍሎክሰቲንና ሌላው የድብርት መድኃኒት ፓሮክሰቲን ደግሞ ይህንን ኢንዛይም ያፍኑታል። ያኔ የታዘዘው መጠን ሳይቀየር በደም ውስጥ ያለው ሃሎፔሪዶል ከፍ ይላል። የታካሚው እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሰውነቱ ይገተራል። ቁጭ ማለት አቅቶት ሌሊቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ያድራል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሕመሙ ተነሳበት» ይላል። ሐኪሙም ፍሎክሰቲኑን ካላወቀ የሃሎፔሪዶሉን መጠን ሊጨምርለት ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ጉዳዩ እኛን በተለየ ሁኔታ ይመለከተናል። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ላይ ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ኢንዛይሙ ስለሚበዛለት መድኃኒቱን ቶሎ ያቃጥላል። ስለዚህ ልክ የሚባለው መጠን ላይሠራለት ይችላል፤ ሐኪሙም ከፍ እያደረገለት ይሄዳል። በዚህ ላይ ኢንዛይሙን የሚያፍን መድኃኒት ሲጨመር ምን ሊፈጠር እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። ጫትም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም ሌላ ጥናት አሳይቷል። ታዲያ ታካሚውን «ትቅማለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው፤ ጥያቄው ግን ያለ ቁጣና ያለ ስብከት ይሁን።

የቆዩት መድኃኒቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንና የሳይኮሲስ መድኃኒቱ ክሎርፕሮማዚን አንድ ላይ ሲወሰዱ እንቅልፉ፣ የአፍ መድረቁና የሆድ ድርቀቱ ይደራረባል። ከአልጋ ሲነሱ ግፊት ይወርዳል፤ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ለመንቀጥቀጡ ተብሎ አርቴን የተባለ መድኃኒት ሲጨመርበት ሽንት እምቢ ሊል ይችላል። አዛውንቶች ላይ ደግሞ መዘባረቅ ያመጣል።

አሁን ፋርማሲው መስኮት ላይ የሚሆነውን እንይ። ፍሬዎቹ ተቆጥረው ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባሉ። ላዩ ላይ «ማታ 1» ተብሎ ይጻፋል። የመድኃኒቱ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እናት ልጇን ይዛ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄድ «ምን እየወሰደ ነው?» ትባላለች። «ነጭ ናት፣ ክብ፤ ማታ ማታ ነው የሚውጣት» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? ነጭና ክብ የሆነው መድኃኒት ስንት ዓይነት ነው! እናትየዋን መውቀስ አይቻልም። ስሙን ያልነገርናት እኛ የጤና ባለሙያዎች ነን።

ይህን አንብቦ ዛሬ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው እንዲኖር በፍጹም አልፈልግም። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል። ፍሎክሰቲን ደግሞ ቢቆምም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ኢንዛይሙን ማፈኑ እስከ አምስት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። መቀየር ካስፈለገም የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፤ አማራጭም አለው። ለምሳሌ ሰርትራሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት በዝቅተኛና በመካከለኛ መጠን ይህን ኢንዛይም ያን ያህል አይጫነውም።

ቤት ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ባዶ ካርቶኑንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ሁለተኛ መድኃኒት ሲያዝ «ከፊተኛው ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መድፈር አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ሥራው የኛ ነው። ፖስታው ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ይጻፍ። ፋርማሲስቱ «ሌላ የምትወስደው አለ?» ሳይል መድኃኒት አይስጥ። መልሱ ካሳሰበው ደግሞ እዚያው ደውሎ እንዲያጣራ የሐኪሙ ስልክ ማዘዣው ላይ ይኑር።