ተንፍሱ፤ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ

ባለፈው ሳምንት ነው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ስልኬ ጢን አለች። አለቃዬ ናቸው። ፎቶ ልከውልኛል፤ ፀሐይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ። ከሥሩ «ዛሬ ለራስህ ጊዜ ሰጥተሃል?» ይላል። ሆዴ ባባ። ለካ የሚያስብልኝ ሰው አለ ብዬ ስልኬን ሳላስቀምጥ ደግማ ጢን አለች። «ሪፖርቱን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እፈልገዋለሁ። መልካም እረፍት።»

ለእናንተም እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። ፀሐይ ያልደረሰው አበባ ደርሶታል። አበባ ያልደረሰው ደግሞ ያቺ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረባት ፎቶ አትቀርበትም። (እነዚያ ድንጋዮች ለምን እንደሚያረጋጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ አሁን ወደቁ፣ አሁን ወደቁ እያልኩ እጨነቃለሁ።) ስለዚህ ዛሬ ለማመስገን ተነሥቻለሁ። ጭንቀትን በጅምላ እያመረቱ ማስታገሻውን በነፃ የሚያድሉ ደጋግ ሰዎች ምስጋና ይነሳቸው? በፍጹም።

በመጀመሪያ «ፈታ በል» ባዮች ይመስገኑ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ዕዳ አለብኝ ትላለህ፤ «ፈታ በል»። እንቅልፍ ከራቀኝ ሳምንቴ ነው ትላለህ፤ «አታካብድ፣ ዝም ብለህ አታስበው»። አለማሰብ እንዲህ ቀላል መሆኑን ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዕድሜ በከንቱ ፈጀሁ። ዳንኤል ዌግነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹም ይህን ምክር ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ አይለፉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ተንጫረረ። ኋላ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉማ፣ ቀድሞውኑ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ተማሪዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ። ተማሪዎቹ ፈታ ማለት አያውቁማ!

ትልቁ ምስጋና ግን የትንፋሽ ሐዋርያት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይሠራል። አየሩን ስናስወጣ ረዘም ካደረግነው የልብ ምት ይረጋጋል። ይህን አልክድም። ሪፖርቱ ግን በተነፈስኩ ቁጥር ገጽ አይቀንስም። ሞክሬዋለሁ።

ያለሁበት መሥሪያ ቤትም ጭንቀታችን አሳስቦት የአንድ ቀን ስልጠና አዘጋጀልን። ሥራ በተደራረበበት ሳምንት፣ በሥራ ቀን። የቀኑን ሥራ ማታ እንድንጨርስ ተነገረን። አሰልጣኙ ገና ሲጀምር ፕሮጀክተሩ እምቢ አለው። ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ላብ አጠመቀው፣ አንዱን ልጅ ጮኸበት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በለስላሳ ድምፅ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ናችሁ» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ አንኮራፋ። ከሁላችንም የተሳካለት እሱ ብቻ ነበር። ቀስቅሰው ስሙን መዘገቡት፤ «ስልጠናውን በትኩረት አልተከታተለም»።

ማምሻውን ቅጽ ታደለን። «የግል እርጋታ መከታተያ» ይላል። 4 ገጽ ነው፤ በየቀኑ ተሞልቶ በሳምንቱ መጨረሻ በሦስት ኮፒ ይመለሳል። ጭንቀቱ የጀመረበት ሰዓት። ያበቃበት ሰዓት። ለመረጋጋት የተወሰደ እርምጃ። ያረጋገጠው ኃላፊ ፊርማ። ፊርማውን ለማግኘት፣ ጭንቀቱን የጀመሩት ኃላፊ በር ላይ ወረፋ ትይዛለህ። ስትገባ «ምነው፣ ትናንት ለ6 ሰዓት ነው የተጨነቅከው?» ይሉሃል። «አዎ።» «በዛ። 4 እናድርገው።» ይፈርማሉ።

የጭንቀቱ መንስኤ የሚል ሣጥንም አለው። ምርጫዎቹ ቤተሰብ፣ ጤና፣ የግል ባሕርይ እና ሌላ ናቸው። «ሌላ»ን መርጬ «ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ተመለሰ። «ሌላ» ማለት ሥራን እንደማይጨምር በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። «የግል ባሕርይ» ብዬ አስተካከልኩ። አለፈ።

መጨረሻው ገጽ ላይ «ጭንቀትዎ በዚህ ሳምንት በስንት በመቶ ቀነሰ?» የሚል አለ። ዜሮ አልኩ። አሁንም ተመለሰ፤ የክፍሉን ሪፖርት ታበላሻለህ ተባልኩ። 40 አልኩ። ጥሩ ነው፣ ግን የጎረቤት ክፍል 60 ነው ተባለ። 65 ላይ ተስማማን። አንዷ የሥራ ባልደረባችን ወረፋው ሰልችቷት 110 በመቶ ብላ ሞላች። ማለትም የራሷን ጨርሳ የሰው ጭንቀት መቀነስ ጀምራለች። ማንም «እንዴት?» አላላትም። አርአያ ሠራተኛ ተብላ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በእረፍት ቀኗ መጥታ ልምዷን እንድታካፍልም ታዘዘች። ይህን ስትሰማ የተጨነቀችውን መጨነቅ የሚመዘግብ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ሁለት ሰዎች ከሥራ ለቀው የሁለቱም ድርሻ የተጫነባትን ሴት አውቃለሁ። ሦስት ወር ችላ አራተኛው ላይ «ከአቅሜ በላይ ነው» አለች። መልሱ ምን ነበር? «አንቺ እኮ መተንፈስ አልተማርሽም።» እግሯ እየተንቀጠቀጠ ወጣች። ይህ ምክር አይደለም፤ ጥፋትን በተጎዳው ላይ ማላከክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለ ጥናት፣ በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሳቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ መጋለጣቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ዝሎ መውደቅን ሲተረጉም ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚያመጣው ነው አለ። የሥራ ቦታ! የሳንባ ችግር ነው አላለም። ለዚያች ሴት አንድ ሰው መቅጠር ያቃተው ሁሉ ስለ እርጋታ አፉን ባይከፍት ደስ ይለኛል።

ይቅርታ፣ ትንሽ ሞቀኝ። ተንፍሼ መጣሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ግራ ያጋባኛል። በስልጠናው ላይ «ተንፍሱ፣ ተንፍሱ» አሉን። በማግሥቱ ስብሰባ ላይ አንዱ «ሥራው በዛ» ሊል እጁን ሲያወጣ «ስለዚህ ጉዳይ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ተባለ። እኛ ታዛዦች ነን፣ ግን መመሪያው ይለይልን። በአፍንጫ ይፈቀዳል፣ በአፍ ይከለከላል ማለት ይሆን?

ያን ሌሊት ሪፖርቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በስልጠናው መሠረት አራት ቆጥሬ ሳብኩ፣ ስድስት ቆጥሬ አስወጣሁ። እግረ መንገዴንም ለአለቃዬ ጻፍኩላቸው፤ «እየተነፈስኩ ነው፤ ስጨርስ እልክልዎታለሁ።»

ወዲያው መለሱ፤ «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ።»