አሚግዳላዬ ተነስቶብኝ ነው

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬን ስቴፕለር ጠየቅሁት። የጠየቅሁት የራሴን ስቴፕለር ነው፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ስቦ በአፉ አወጣና «ወንድሜ፣ አሁን አታናግረኝ፤ አሚግዳላዬ ተነስቶብኛል» አለኝ።

ድሮ የሚነሳው ዛር ነበር። ዛር ደግሞ ወጉ ይታወቃል። ቡና ይፈላለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ሽቶ ይረጭለታል፣ ባዘዘው ቀለም ዶሮ ይታረድለታል፤ ከዚያ ባለዛሩ ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አሚግዳላ ምን እንደሚወድ ግን የሚያውቅ የለም። ሰውየው እስከ ምሳ እንደተነሳበት ቆየ፤ ከምሳ በኋላም አልተመለሰም።

ይህን ያመጣብን ቢሾፍቱ የተሰጠን የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። «የአንጎል ሳይንስ ለተቀናጀ የቡድን ሥራ» ይላል ባነሩ። አበል አለው ስለተባለ ማንም አልቀረም። (እውነቱን ለመናገር መሥሪያ ቤታችን እንደ አንድ ሰው ሆኖ ያየሁት የአበል ፊርማ ዙሪያ ብቻ ነው።)

አሠልጣኙ መጀመሪያ አሚግዳላን አስተዋወቀን። ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ አንጎል ውስጥ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የተቀመጠች፣ አደጋ ሲመጣ ቀድማ የምትጮህ፣ የለውዝ ቅርጽ ያላት ናት አለ። ስሟም በግሪክኛ ለውዝ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። የግምጃ ቤቷ እህታችን ከሻይ ዕረፍት ከተረፈው ቆሎ አንድ ኦቾሎኒ አንስታ «ይቺን ታህላለች?» አለች። «አይ፣ የፈረንጁን ለውዝ ነው» አላት። ሰዉ የፈረንጅ ለውዝ ፍለጋ ቆሎውን ሲያገላብጥ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

ቀጥሎ በግራ አንጎል የሚያስቡና በቀኝ አንጎል የሚያስቡ ብሎ ለሁለት ከፈለን። የአንጎል ተመራማሪው ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል የተሸለመው የሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ሥራ እንደሚለያይ ስላሳየ ነው፤ ሰው በአንዱ ብቻ ያስባል ስላለ አይደለም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1,000 በላይ ሰዎችን አንጎል አይተው «የግራ ሰው» የሚባል አጥተዋል። እኛ ጋ ግን ተገኘ፤ ሒሳብ ክፍል በሙሉ በግራ፣ ሕዝብ ግንኙነት በሙሉ በቀኝ። ድሮም የሚቀመጡት እንደዚያው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን መጣ። ሰው ሲተቃቀፍ ይመነጫል፣ መተማመን ይፈጥራል፣ ስለዚህ ሁላችሁም አጠገባችሁ ያለውን ሰው ሃያ ሴኮንድ እቀፉ ተባለ። የግምጃ ቤቷ እህታችን እንደገና እጇን አወጣች። «ይሄ የምጥ ማፋፋሚያው ነው? እኔ ለሁለቱም ልጆቼ በግሉኮስ ተሰጥቶኛል። በዚያ ሰዓት ያመንኩት ሰው ግን ትዝ አይለኝም፤ ባሌን ጨምሮ።»

እኔን የገረመኝ ደግሞ መተቃቀፍን ለእኛ ማስተማሩ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን፣ ሦስቴ አራቴ ተሳስመን፣ «እንዴት አደርክ? ልጆች ደህና? እናትህስ? ተመስገን!» ብለን እስክንጨርስ የአንድ ሰው ሰላምታ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሥራ በኦክሲቶሲን ቢቃና ኖሮ መሥሪያ ቤታችን ይሄኔ ጨረቃ ላይ ቅርንጫፍ ይከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ዙሪክ ላይ ኦክሲቶሲን በአፍንጫ የተረጨላቸው ሰዎች ለማያውቁት ሰው ገንዘብ ማመን ቀለላቸው ተብሎ ነበር፤ ሌሎች ሲደግሙት ግን እንደዚያ አልሆነላቸውም። አምስተርዳም የነበረው ተመራማሪ ካርስተን ደ ድሬው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የባሰውን አመጣ፤ ኦክሲቶሲኑ ሰውን ለራሱ ወገን እንዲያደላ ያደርገዋል አለ። ይህን ሳነብ ሒሳብ ክፍል በሩን ቆልፎ ቡና የሚጠጣበት ምክንያት ወለል ብሎ ታየኝ።

ለመታቀፍ የደረሰኝ ይኸው ባልደረባዬ ነበር። ሃያ ሴኮንድ አጭር ይመስላል። ደረት ኪሱ ላይ የሰካቸው ሁለት እስክሪብቶዎች ወጉኝ፤ አንዱ የእኔ ነው። ሰባተኛው ሴኮንድ ላይ ሳል መጣበት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና በጆሮዬ «አበሉ ዛሬ ነው የሚገባው ወይስ ነገ?» አለኝ።

ባነሩ ግርጌ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ይህን ተረት ስለምወደው እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ። ሎሚ በእርግጥ ጌጥ ነው፤ ጎረምሳ በጥምቀት ለወደዳት የሚወረውረው አንዲት ፍሬ ነው እንጂ በጆንያ አይደለም። ተረቱ የማይነግረን ግን አለ፤ ሃምሳውን የሚያከፋፍለው ማነው? እኛ ቤት አንዱ ሃምሳውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። አርባ ዘጠኙ ደረጃው ጫፍ ላይ ይጠብቁትና ለፎቶ አንድ አንድ ያነሳሉ። ፎቶው እንዳለቀ ሎሚው ጆንያው ውስጥ ይመለሳል።

የ2010 በጀት ዓመት ሪፖርት 47 ገጽ ነው። አራት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ ሰኔ 29 ማታ መብራት ጠፍቶ ሰንጠረዡን በሞባይል ብርሃን አስተካክያለሁ። ጠዋት ባልደረባዬ መጣና «ላያይዝልህ» ብሎ ሪፖርቱንም ስቴፕለሬንም ይዞ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ሁለቱም አልተመለሱም። ሐምሌ ላይ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ «የቡድን ሥራ ነው» አለ። ተጨበጨበለት። ቡድኑ አራት ሌሊት የት ነበር? እስከዛሬ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ይሄ አሚግዳላ አይደለም፣ ንዴት ነው፤ ምክንያት አለው፣ አድራሻ አለው፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል።

ገበሬ እንዲህ አይሞኝም። ወንፈል ሲገባ ዛሬ የእኔን ላጨደልኝ ነገ አጭድለታለሁ፤ ያልመጣው ተራው ሲደርስ ብቻውን ከማሳው ጋር ይፋጠጣል። ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ «የቡድናችን ነው» ብሎ የሰው እህል ጎተራው የሚከት የለም። ዕድርም ከቀብር የቀረን ሰው ይቀጣዋል እንጂ አንጎሉን አያስመረምረውም።

በሥልጠናው ምሳ ላይ ዓሣ ቀረበ። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚል ቡድኑ ከግራና ቀኝ አንጎል በባሰ ተከፋፈለ። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ዓሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔት የሚባል ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር የሞተ ሳልመን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝቶ የሰዎች ፎቶ እያሳየ «ምን እየተሰማቸው ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ስሌቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ ማሽኑ የሞተ ዓሣም ሲያስብ እንደሚያሳይ ባለሙያዎቹን ለማስጠንቀቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የሚያስቅም የሚያሳስብም ሽልማት አገኙበት። ሳህኔ ላይ ያለው ቆሮሶ ከነራሱ ነው የመጣው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ስለ 47ቱ ገጽ ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

መቼም ያልሞከርነው የአሠራር ማሻሻያ የለም። ቢፒአር መጣ፣ ጠረጴዛ አዟዟርን። ቢኤስሲ መጣ፣ ቅጽ ሞላን። አንድ ለአምስት ተደራጀን። ካይዘን ሲመጣ የእያንዳንዱ ዕቃ መቀመጫ በቢጫ ፕላስተር ተከበበ። የስቴፕለሬ ቦታ እስከዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ በየጠዋቱ ዙሪያውን ይወለውሉታል፣ ፕላስተሩን ሳይነኩ።

ወደ ሰኞ ልመለስና፣ ስቴፕለሩን የፈለግሁት ለሥልጠናው ነበር። «ሥልጠናው በቡድን ሥራዎ ላይ ያመጣው ለውጥ» የሚል ቅጽ ታድሎናል፤ ለውዟንም ዓሣውንም ጨምሬ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ግርጌው ላይ በደማቁ «ገጾቹ በስቴፕለር ተያይዘው እስከ ዓርብ ይመለሱ» ይላል። ዛሬ ሐሙስ ነው።