ዴቭ ሻፔል 50 ሚሊዮን ዶላር ይዞ አልጠፋም

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካዊው ኮሜዲያን «ዴቭ ሻፔል 50 ሚሊዮን ዶላሩን ተቀብሎ አፍሪካ ገባ፣ 10 ዓመት መድረክ ሳይረግጥ ድንገት ቴሌቪዥን ላይ ብቅ አለ» ብለሃል። እዚህ ደሴ ፒያሳም ቡና ላይ የሚወራው ይኸው ነው። ግን ልክ አይደለም።

50 ሚሊዮኑ ለቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራሙ «ሻፔልስ ሾው» በውል የተገባለት ብር ነው። ብሩን ይዞ ሳይሆን ጥሎ ነው የሄደው። በ2005 እ.ኤ.አ. የፕሮግራሙን ሦስተኛ ምዕራፍ ቀረጻ ትቶ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ገባ። ምክንያቱን በኋላ ለኦፕራ ዊንፍሬይ ነግሯታል። በጥቁሮች ላይ የሚሠራውን የቆየ ፌዝ ሊያጋልጥ ብሎ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ይተውን ነበር። ከቀረጻ ቡድኑ አንድ ነጭ ሳቀ። ሳቁ ግን ቅር አሰኘው። ሰውዬው ቀልዱ ገብቶት ሳይሆን በጥቁሮቹ የሚስቅ መሰለው። ሰው በሳቀለት ቁጥር እንጀራው ለሚሰፋ ኮሜዲያን ይህን አስተውሎ መቆም ቀላል አይደለም። በዚህ በጣም አከብረዋለሁ።

መድረኩንም እርግፍ አድርጎ አልተወም። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ክለቦች ውስጥ ሳይታሰብ እየገባ ያስቅ ነበር። በ2014 ደግሞ ኒውዮርክ፣ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ሠርቷል። ኖቬምበር 2016 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት ሲመራ እንደዚያ አፉ የተባው ለዚህ ነው። በ2017 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት የተሸለመውም በዚሁ ሥራው ነው።