ከኖዱ ጀርባ ማን አለ?

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2022 ሮኒን ከተባለው የብሎክቼይን መረብ (ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ የግብይት መዝገብ በጋራ ከሚይዙበት) 173,600 ኢተር እና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ የተባሉ ዲጂታል ገንዘቦች ተዘረፉ። በጊዜው ዋጋ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ማንም ልብ አላለውም። ነገሩ የታወቀው አንድ ተጠቃሚ 5,000 ኢተር ሊያወጣ ሞክሮ እምቢ ሲለው ነው።

ሮኒን አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለው የኦንላይን ጨዋታ የሚሠራበት መረብ ነው። በኮቪድ ወቅት ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ሰው ከዚህ ጨዋታ የዕለት ጉርሱን ያገኝ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን የቴክኒክ ሰዎች ወሬ ብቻ አድርጎ ማየት ይከብደኛል።

መረቡ ዘጠኝ አረጋጋጭ ኖዶች፣ ማለትም ግብይቱን አይተው የሚፈርሙ ኮምፒውተሮች፣ ነበሩት። ገንዘብ ለማውጣት የአምስቱ ፊርማ ይበቃል። ወረቀት ላይ ሲታይ ደህና ነው፤ አምስት ቦታ ሰብሮ መግባት ቀላል አይደለምና። ግን አራቱን ኖዶች የያዘው የጨዋታው ባለቤት ስካይ ማቪስ ነው። አምስተኛው የአክሲ ዳኦ ነበር፤ ዳኦ አባላቱ በድምፅ የሚመሩት የኦንላይን ማኅበር ነው። በኖቬምበር 2021 ተጠቃሚ በዝቶ መረቡ ሲጨናነቅ፣ ዳኦው ስካይ ማቪስ በእሱ ስም እንዲፈርም ፈቀደለት። በዲሴምበር ይህ አሠራር ቆመ። ፈቃዱን ግን ማንም አልሰረዘውም። ሃከሮቹ የስካይ ማቪስን ሠራተኛ አታልለው ሲስተሙ ውስጥ ሲገቡ የአራቱን ኖዶች ቁልፎች፣ ማለትም የሚፈረምባቸውን ምስጢራዊ ኮዶች፣ አገኙ። አምስተኛውን ፊርማ ያገኙት በዚያ በተረሳ ፈቃድ በኩል ነው። ኤፍቢአይ በኋላ ድርጊቱን የፈጸመው የሰሜን ኮሪያው ላዛረስ ቡድን ነው ብሏል።

የብሎክቼይንን ደህንነት ለማጠንከር ኖዶችን በታማኝነት ነጥብ እንመዝን የሚል ሐሳብ አለ። ኖዱ በሰዓቱ ይሠራል ወይ? ትክክለኛ ብሎክ (መዝገቡ ላይ የሚጨመር የግብይቶች ጥቅል) ያቀርባል ወይ? እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ፈርሞ ያውቃል ወይ? ነጥቡ ከፍ ያለው የበለጠ ድምፅ ያገኛል፤ ዝቅ ያለው ይገለላል። እኔም እደግፈዋለሁ። ሰነፉንና ብልሹውን ለማጥራት ይጠቅማል።

ግን ሮኒንን አያድነውም ነበር። ሃከሮቹ የተጠቀሙበት ፊርማ ሁሉ ትክክለኛ ፊርማ ነው። ይህ ሚዛን የሚያየው የኖዱን ያለፈ ሥራ ነው፤ ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ አያይም። የእድር ሂሳብ ሦስት ፈራሚ አለው እንበል። ሁለቱ ባዶ ቼክ ላይ ፈርመው ለገንዘብ ያዡ ትተውለት ቢሄዱ፣ የሦስቱም ጨዋነት ቢመሰከር ምን ዋጋ አለው? ትዕግሥት ያለው አጥቂ ደግሞ ለወራት ጨዋ ሆኖ ነጥብ ሰብስቦ አንድ ቀን ሊመነዝረው ይችላል። ስለዚህ የቆየ ነጥብ እየረገፈ መሄድ አለበት።

የኢተር መነሻ በሆነው ብሎክቼይን፣ በኢቴሪየም ላይ የምወደው አንድ አሠራር አለ። አረጋጋጭ ለመሆን ቢያንስ 32 ኢተር መያዣ ይጠየቃል። አንዱ ለብቻው ሁለት የሚጋጩ ብሎኮች ቢፈርም ከመያዣው ጥቂት ተቀንሶበት ይባረራል። ብዙዎች በተቀራራቢ ጊዜ አብረው ካጠፉ ግን ቅጣቱ ይከብዳል። የአጥፊዎቹ ድርሻ ከጠቅላላው መያዣ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ ያስያዙት በሙሉ ሊወረስ ይችላል። አብሮ ማጥፋት ከጀርባ አንድ እጅ ወይም አንድ ዓይነት ሶፍትዌር እንዳለ ይጠቁማላ! በእንዲህ ያለ ክፍት መረብ ውስጥ የማንንም ስም ጠይቆ ማረጋገጥ አይቻልም። ሰው በሺህ የሚቆጠር ኖድ ከፍቶ ሺህ ሰው መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ያለው አማራጭ ምልክት መከታተል ነው፦ በአንድ ሰርቨር አከራይ ላይ መከማቸት፣ በአንድ ደቂቃ አብሮ መውደቅ፣ የመሳሰሉት።

ጥቂት ፈራሚ ብቻ ያላቸው የክሪፕቶ ድልድዮች (ዲጂታል ገንዘብን ከአንዱ ብሎክቼይን ወደ ሌላው የሚያሻግሩ፣ የሮኒንም ገንዘብ የወጣበት ዓይነት) ግን ይህን ምክንያት ማቅረብ አይችሉም። ፈራሚዎቻቸውን በስም ያውቋቸዋል። ሮኒን በተዘረፈ በሦስት ወሩ የሃርመኒ ድልድይ ከአምስት ቁልፎች በሁለቱ ብቻ ተከፍቶ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። የአንድ ባለቤት ኖዶች፣ አሥርም ይሁኑ ሃያ፣ እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠሩ። በሌላ ስም የመፈረም ፈቃድ ከተሰጠም ቀነ ገደብ ይኑረው፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይዘጋ። ይህ ከባድ ሒሳብ አይፈልግም፤ ሮኒንን የጎዳው የዚህ መጉደል ነው።

ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በኤፕሪል 2021 የትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖን የሚያበለጽገው ኩባንያ አይኦኤችኬ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በካርዳኖ ብሎክቼይን ሊመዘግቡ መስማማታቸው ተነግሮ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ ብዙ እንሰማለን። እኔ መጀመሪያ መስማት የምፈልገው ሌላ ነው። ማስረጃውን የሚፈርመው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ስንት ሰው ይደርስበታል? የለቀቀ ሠራተኛ ፈቃዱ በስንት ቀን ይሰረዛል? መልሱ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የተማሪው ወላጅም እንዲያነበው ይፋ ይሁን።