እርማት፦ ናኖ ቅንጣት ዕጢውን አነፍንፎ አያገኝም

«የናኖ መድኃኒት እንደ ሚሳይል ካንሰሩን ብቻ ይመታል፤ ጤነኛውን አካል አይነካም» ያሉት ወንድሜ፣ ይህ በብዙ ሰው አፍ የሚዞር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ዶክሲል የተባለ የካንሰር ናኖ መድኃኒት እንደ ምሳሌ ይመልከቱ። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀዩ መድኃኒት 100 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ) ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት ተሸፍኖ በደም ይዞራል እንጂ ዕጢውን አይፈልግም። የዕጢ ደም ሥሮች ብዙ ጊዜ እንደ ወንፊት ስለሚያሾልኩ ጥቂቱ እዚያ ይቀራል። ጥቂት ስል በእርግጥም ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንስሳት ጥናቶች ግምገማ ከተሰጡት ናኖ ቅንጣቶች ዕጢው ጋ የሚደርሰውን መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ አድርጎታል። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። የዶክሲል ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። በምትኩ የአንዳንድ ታማሚዎች መዳፍና ውስጥ እግር ይቀላል፣ ይላጣል። መዳፍ ደግሞ ጤነኛ አካል ነው።