ስፖርት በባጃጅ

ጅማ ውስጥ ስፖርተኛ ሰው መለየት ከባድ አይደለም። ማለዳ ባጃጅ ውስጥ ቱታ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። በእግሩ የሚሄደውማ ሥራ የሚገባ ሰው ነው፤ ምስኪን፣ ስለ ጤና ምን ያውቃል!

እኔም የማኅበሩ አባል ስለሆንኩ ስለ ወገኖቼ ልመስክር። ከቤቴ እስከ ኬክ ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። በእግሬ ብሄድ ጎረቤት "ምነው፣ ቸገረው እንዴ?" ይላል። ቱታ ለብሼ በባጃጅ ስሄድ ግን "ጎበዝ፣ ስፖርት ጀመረ" ይባልልኛል። ደርሼ ማኪያቶና ሁለት ቦምቦሊኖ አዛለሁ። ላብ ያልወጣው ሰው የላቡን መተኪያ አያስፈልገውም የሚል ካለ ቀድሞ መጠንቀቅ የሚባል ነገር አልሰማም።

ይህን ስንፍና የሚሉት ታሪክ ስለማያውቁ ነው። በቆጂ እነ ደራርቱንና ቀነኒሳን አፈራች፤ ጅማ ደግሞ እነሱ ሮጠው ሲመለሱ አረፍ የሚሉበትን በርጩማ ጠረበች። የሥራ ክፍፍል ነው። ሰው ሁሉ ከሮጠ ማን ያጨብጭብ? ደግሞ በርጩማችንን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መሬቱ ቢጎረብጥም የማይወላገድ። ባጃጅስ? እሱም ሦስት እግር ነው። አያቶቻችን ቢነሡ ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር፤ ሞተር የተገጠመለት በርጩማ።

ከሰዓት በኋላ ምሁራኑ ይሰበሰባሉ። በርጩማና በርጫ የስም ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው የቋንቋ ሰዎች ይንገሩን፤ የሥራ ዝምድናቸውን ግን እኛ በወገባችን አረጋግጠናል። ከመካከላችን አንድ ወዳጅ አለን። አዲስ የጤና ጥናት ሲወጣ ከሐኪሞቹ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው። ትራሱን ደገፍ፣ ጉንጩን ወጠር፣ ስልኩን ቀና ያደርግና "ስሙማ!" ይላል። ቤቱ ጸጥ።

ለምሳሌ የቡናው ጥናት። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) የአውሮፓ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ ከ40,000 በላይ አሜሪካውያንን ያየ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ቡና የሚጠጡት ጨርሶ ከማይጠጡት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ16 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሲያነብልን እልል ማለት ነው የቀረን። የቡና አገር ሰው ሆነን ደግሞ! ቀኑን ሙሉ ሲጠጡ የሚውሉት ላይ ግን ያ ልዩነት አልታየም የምትል መስመር ነበረች። እሷ ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለለት። እኛም አቦሉን ጨርሰን ቶናው እስኪቀዳ እየጠበቅን ስለነበር ነገሩን አላጠበቅነውም።

አንድ ቀን የእንግሊዞቹን አመጣ። ጄረሚ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጥንተው በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳው ሾፌር ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከሚውለው ትኬት ቆራጭ ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚጠቃ አሳዩ። (ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ "መርካቶ! ፈረንጅ አራዳ!" ሲል የሚውለውን የኛን ረዳት ቢያዩት እንዴት በተደሰቱ!) እኔ ነገሩ ወደ እኛ መቀመጥ የሚያመራ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ወዳጃችን ግን ረጋ ብሎ ተነተነው፦ "በሽታው ያለው መሪው ላይ ነው። እኛ መሪ መቼ ነካን? የኋላ ወንበር ላይ እኮ ነን።"

ከሁሉ ያስፈነጠዘን ግን የእርምጃው ጉዳይ ነው። በቀን 10,000 እርምጃ የምትለዋ ቁጥር ከሐኪም ቤት የመጣች ሳትሆን፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ በ1965 ለሽያጭ ያወጣው መቁጠሪያ ስም ናት፤ "ማንፖ ኬይ"፣ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ እንደማለት። በ2019 በአሜሪካ አረጋውያን ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ባለበት እንደሚረጋ አሳየ። በ2025 ደግሞ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመዘነው 7,000ን እንደ በቂ ግብ አስቀመጠ። ወዳጃችን ብድግ ሊል ምንም አልቀረው፦ "አያችሁ? ዶላር አልወርድ አለ እንጂ እርምጃስ እየወረደ ነው! በዚህ አያያዙ እኛ ያለንበት ድረስ ይመጣል። ትዕግሥት ብቻ!" የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ማለቱን ስጨምርበትማ ሳቀብኝ። "እኛ በአንድ በርጫ ብቻ ከዚያ በላይ እናላምጥ የለ? መንጋጋ ጡንቻ አይደለም?"

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ደረሰና ውሳኔ ተላለፈ፤ ከእሑድ ጀምሮ በየሳምንቱ በሩጫ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ። አንዱ በዓመቱ ማራቶን እንገባለን ብሎ ማልያውን ቀለም ሳይቀር መረጠ። በዚያች ሰዓት ብትጠይቁን ወርቁን አምጥተን ነበር።

እሑድ ነጋ። ሦስታችን ቱታችንን ለብሰን በባጃጅ ወጣን። ሩጫው ቀረ እንዳትሉ፤ ሰውነት ሳይሟሟቅ አይሮጥም፣ ባጃጁ ደግሞ ይሞቃል። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ኪሴ ያለው ስልክ እርምጃ እየቆጠረልኝ ነበር። ሳልነሣ ሁለት ሺህ ሞላሁ! እንዲህ ያለ ታማኝ ስልክ ይብዛ። "አባ ጅፋር" የሚለው ስም ከፈረሳቸው የተወሰደ ነው፤ በኦሮሞ ባህል ትልቅ ሰው በፈረሱ ይጠራል። እኔም በዚያች ሰዓት አባ ባጃጅ ዳግማዊ ተብዬ ብጠራ የሚገባኝ መስሎ ተሰማኝ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ባጃጁ አለከለከ፣ አንዴ አስነጠሰ፣ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አይወጣልኝም። ትንሽ ብትገፉልኝ።"

"አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ ስፖርት ላይ ነን!"

ገፋን። ቦርጭ ለቦርጭ እየተጋፋን፣ የአንዱ ትንፋሽ ሌላው ማጅራት ላይ እየፏጨ፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ነገር። ከጎናችን አንዲት እናት አንድ እስር እንጨት በጀርባቸው አዝለው እያለፉን "አይዞን ልጆቼ!" አሉን። ወዳጃችን ባጃጁን ተደግፎ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እንኳ ጥናት አላጣም፦ "በ2022... እንግሊዝ አገር... ስፖርት የማይሠሩ 25,000 ሰዎች... እጃቸው ላይ መለኪያ ታስሮ... በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የነበራቸው... የመሞት ዕድላቸው ወደ 40 በመቶ ያነሰ... ይቺ አንደኛዋ ናት። ሁለት ቀረን።"

ቀሪዎቹን ለሚቀጥለው እሑድ አሸጋገርናቸው። ጅሬን ደርሰን ቤተ መንግሥቱ በር ላይ እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ፎቶ ተነሣን፤ "ከሩጫ በኋላ" ብለን ለጠፍነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ "ቦርጫም" ብላ የጻፈችው የገዛ እህቴ ናት። ልንመለስ ስንል ልጁ ራሱን አከከ፦

"ጋሼ፣ ቁልቁለቱን እንኳ በእግር ብትወርዱልኝ? ፍሬኑን ብዙም አላምነውም።"

ወዳጃችን ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳል የሚል ጥናት አለ አለ። የትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ ቀድመን ተሳፍረን ነበር። ደግሞስ እንግሊዞቹ የሚያሰጋው ሾፌሩ ነው ብለው የለ?